«ዘ ስላንትስ»፦ ተሰዳቢዎቹ ስድቡን ስማቸው ሲያደርጉት

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ በ2006 አንድ የሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ። («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እዚህ የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ ሳይመን ታም የእስያ ዝርያ ያለው አሜሪካዊና ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ አብረውት የሚጫወቱትም እንደ እርሱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ለቡድኑ ስም ሲያፈላልግ ጓደኞቹን፣ የእስያ ሰዎችን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቃቸው። ዓይናቸው የተንጋደደ ነው አሉት። ታም በልጅነቱ በዘሩ እየተሰደበ ያደገ ሰው ነው። ስሙን ከዚያው መልስ ውስጥ አወጣው፦ «ዘ ስላንትስ»።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ዘንበል ላለ ነገር ሁሉ የሚያገለግል ተራ ቃል ነው፤ አንድ ሰው ነገሮችን የሚያይበትን ማዕዘንም ይገልጻል። በእስያውያን ላይ ሲወረወር ግን በዓይናቸው ቅርጽ የሚያላግጥ የቆየ የዘር ስድብ ይሆናል። የታም ሐሳብ ስድቡን ከተሳዳቢው እጅ ነጥቆ፣ በመድረክ ላይ በኩራት እየጠራ፣ መርዙን ማውጣት ነበር።

ይህ ስም ከዓመታት ክርክር በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ስለ ነጻ ንግግር፣ ስለ ክብረ ነክ ቃላትና ሰውን ላለማስቀየም ቃል ስለ መምረጥ በሚደረገው ክርክር ውስጥ ከዚህ ጉዳይ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ፍርድ ቤቱ ትክክለኛ ውሳኔ ሰጥቷል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከውሳኔው በተቃራኒ ከቆሙት መካከል ጥቂት የማይባሉት ራሳቸው የስድቡ ሰለባዎች ነበሩ። ያንን ሳንመለከት ውሳኔውን ብናወድስ ጉዳዩን አልተረዳነውም ማለት ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ስሙን የመለሰበት ምክንያት

ቡድኑ እየታወቀ ሲመጣ ታም በ2010 ስሙን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት አመለከተ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቡድኑ በዚህ ስም እንዳይጠራ፣ እንዳይዘፍን ወይም አልበም እንዳያወጣ የከለከለው አልነበረም። በአሜሪካ ያልተመዘገበ ስምም ቢሆን በሥራ ላይ እስከዋለ ድረስ የተወሰነ የሕግ ጥበቃ ያገኛል። ምዝገባው የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፦ ባለቤትነቱ በመላ አገሪቱ እንደ ታወቀ ይቆጠራል፣ የምስክር ወረቀቱ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ምልክቱን መቃወም እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል፣ አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎችም ከውጭ አገር እንዳይገቡ ማስከልከል ይቻላል። በስሙ ለሚተዳደር ሙዚቀኛ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የፌዴራሉ የንግድ ምልክት ሕግ የወጣው በ1946 ነው። በውስጡ ካሉት ክልከላዎች አንዱ፣ በሕይወት ያሉም ሆኑ የሞቱ ሰዎችን፣ ተቋማትን፣ እምነቶችን ወይም ብሔራዊ ምልክቶችን ሊያንቋሽሽ የሚችል ምልክት እንዳይመዘገብ ያዝ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ሲተረጉም በሁለት ደረጃ ይመረምር ነበር። በመጀመሪያ ምልክቱ በአገልግሎት ላይ ባለበት ሁኔታ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ ይጠይቅ ነበር። ትርጉሙ አንድን የታወቀ የሕዝብ ክፍል የሚመለከት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከዚያ ሕዝብ ጉልህ የሆነው ክፍል ይከፋበታል ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ መከፋት አልነበረበትም፤ «ጉልህ ክፍል» ይበቃ ነበር። ምን ያህሉ ጉልህ እንደሚባል የተጻፈ ነገር አልነበረም።

የታምን ማመልከቻ የያዘው መርማሪ መዝገበ ቃላት አገላብጦ ቃሉ ለእስያውያን ስድብ መሆኑን አረጋገጠ። በስሙ የተነሣ የቡድኑ አንድ ዝግጅት መሰረዙን ጠቀሰ፤ በኢንተርኔት ላይ ስሙን የተቃወሙ ሰዎችን አስተያየትም አከለ። ታም የሰጠው መልስ ቀላል ነበር። የምንሰደበው እኛ ነን፤ ቃሉንም የወሰድነው ለመሳደብ ሳይሆን ስድቡን ለማምከን ነው አለ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ለመርማሪዎቹ ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ለዚህ መልስ ነበረው፦ አመልካቹ የተሰዳቢው ወገን አባል መሆኑም ሆነ በጎ ዓላማ ያለው መሆኑ ከዚያ ወገን ጉልህ የሆነው ክፍል በቃሉ ሊከፋ እንደሚችል የሚያስቀረው ነገር የለም።

ከመዝገቡ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ መስመር ነው። አንድ ሰው በመንገድ ላይ አንዱን በስድብ ስሙ ሲጠራው ሰማን እንበል። ተቆጥተን ከመነሣታችን በፊት የምናጣራው ነገር አለ፦ ማን ነው የተናገረው? ለማን? በምን ድምፅ? ጓደኛው ነው ወይስ ጠላቱ? የስድብ ኃይሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የጽሕፈት ቤቱ መመሪያ መርማሪው ይህን እንዳይመዝን ከለከለው። ክልከላው የወጣው በጭካኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዓመት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ የሚያይ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ባንድ ልብ መርምሮ ሊጨርስ አይችልም። ልብ መመርመር የማይችል መሥሪያ ቤት ታዲያ ስድብን ከስድብ ማምከን ለይቶ እንዲፈርድ ለምን ይጠየቃል?

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የታም ዘር በራሱ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ነው። «ስላንት» ያለባቸው ሌሎች ስሞች ያለ ችግር ተመዝግበው ያውቃሉ፤ ቃሉ ብዙ ትርጉም ስላለው ማንም ስድብ ነው አላለም። እዚህ ላይ ስድብ የሆነው የቡድኑ አባላት እስያውያን በመሆናቸውና በድረ ገጻቸው ላይ የእስያ ምስሎችን በመጠቀማቸው ነው። ታም በ2011 ዘሩን የሚጠቅስ ነገር የሌለበት አዲስ ማመልከቻ አስገባ፤ እርሱም ተመለሰ። ነጭ አሜሪካውያን ብቻ ያሉበት ቡድን በዚሁ ስም ቢያመለክት መዝገቡ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ ውሳኔዎች እርስ በርሳቸውም የሚጣጣሙ አልነበሩም። «ሂብ» የሚለው ቃል ለአይሁድ የቆየ ስድብ ነው፤ በኒውዮርክ ወጣት አይሁዳውያን በዚህ ስም መጽሔት ያሳትሙ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ስሙን ለመጽሔትነት መዘገበላቸው። እነዚያው ሰዎች ለልብስና ለመዝናኛ ዝግጅት ለማስመዝገብ ሲመጡ ግን አይሁድን ያንቋሽሻል ብሎ ከለከላቸው፤ የጽሕፈት ቤቱ የይግባኝ ቦርድም በ2008 ክልከላውን አጸና። በመጽሔት ሽፋን ላይ የማያስከፋ ቃል ካናቴራ ላይ ሲታተም የሚያስከፋበትን ምክንያት ማስረዳት ለማንም ይከብዳል።

በሌላው ወገን የቆሙት

ታምን የተቃወሙት ዘረኞች ቢሆኑ ኖሮ ጉዳዩ ቀላል በሆነ ነበር። አንዳንድ የእስያ አሜሪካውያን የሕግና የመብት ማኅበራት ከመንግሥት ጎን ቆመው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጽፈዋል። ከጀርባቸው ያለው ታሪክ ከባድ ነው። በ1882 የወጣ ሕግ የቻይና ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ ከልክሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ያላቸው 120 ሺህ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታስረዋል። በ1982 በዲትሮይት አካባቢ ቪንሰንት ቺን የተባለ የቻይና ዝርያ ያለው ወጣት በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሲሞት ገዳዮቹ አንድ ቀን እንኳ እስር ቤት አላደሩም። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው የዘር ስድብ በመንግሥት ማኅተም ታጅቦ ሲወጣ ማየት አልፈልግም ቢል፣ ቃል ምን ይጎዳል ብሎ ማለፍ ትዕቢት ነው። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች የሚለው አባባላችን የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

የመንግሥት ጠበቆችም ክርክር ውሃ የሚያነሣ ነበር። ማንንም ዝም አላሰኘንም፤ የእኛን የምስክር ወረቀትና የእኛን መዝገብ ለስድብ አንሰጥም ነው ያልነው አሉ። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ፣ የቴክሳስ ግዛት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የቆመው የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ባንዲራ ያለበት የመኪና ሰሌዳ አላትምም ማለት ይችላል ብሎ ወስኖ ነበር፤ ሰሌዳው የመንግሥት ንግግር ነውና። የንግድ ምልክት መዝገብስ በምን ይለያል?

ከወለል ወደ ሰገነት

የጽሕፈት ቤቱ የይግባኝ ቦርድ በ2013 ታም ላይ ፈረደ። በፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2015 ሦስት ዳኞች ፈረዱበት፤ በ1981 የተሰጠ የቀድሞ ውሳኔ እጃቸውን ይዞት ነበር። ነገር ግን ውሳኔውን የጻፈችው ዳኛ ኪምበርሊ ሙር፣ ታምን ከረታችበት ወረቀት ጋር የራሷን ረጅም አስተያየት አያይዛ አወጣች። ያ የቀድሞ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ እንደገና መታየት አለበት አለች። ፍርድ ቤቱም ማንም ሳይጠይቀው ጉዳዩን በሙሉ ጉባኤ እንዲታይ አዘዘ። በዲሴምበር 2015 የወጣውን የሙሉ ጉባኤ ውሳኔ የጻፈችውም እርሷው ናት፤ በዚህኛው ታም አሸነፈ። የተቀመጠውን ሕግ አክብራ ከፈረደች በኋላ ሕጉ ስሕተት ነው ብላ በአደባባይ የተናገረችበትን ድፍረት አከብራለሁ።

መንግሥት ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2017 ክርክሩን ሰምቶ ጁን 19 ቀን 2017 ውሳኔውን ሰጠ። ከተከራካሪዎቹ አንዱ የጽሕፈት ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊ ማታል ስለ ነበሩ መዝገቡ «ማታል እና ታም» በሚል ስም ይታወቃል። የተሰየሙት ዳኞች ስምንት ነበሩ፤ አዲሱ ዳኛ ኒል ጎርሰች ክርክሩ ሲሰማ ገና ስላልተሾሙ አልተሳተፉም። ስምንቱም ክልከላው ነጻ ንግግርን የሚያስከብረውን የሕገ መንግሥቱን የመጀመሪያ ማሻሻያ ይጥሳል በሚለው ተስማሙ። በብዙ ታላላቅ ጉዳዮች የማይገጥሙት ሩት ቤደር ጊንስበርግና ክላረንስ ቶማስ እዚህ ላይ ወደ አንድ ውጤት ደረሱ።

ዋናውን ውሳኔ የጻፉት ሳሙኤል አሊቶ ናቸው። የመንግሥት ንግግር የሚለውን ክርክር የጣሉት በቀላል ማስረጃ ነው። በዚያን ጊዜ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ የተመዘገቡ ምልክቶች ነበሩ። እነዚያ ሁሉ መንግሥት የተናገራቸው ከሆኑ መንግሥት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል ማለት ነው። መንግሥት ምልክቶቹን አይፈጥርም፣ አያርምም፣ ስለ ይዘታቸውም አይመሰክርም። ቀጥለውም የቆየ ቃል አነሡ። በ1929 ሮዚካ ሽዊመር የተባለች ሃንጋሪያዊት ጦርነትን በመቃወሟ የአሜሪካ ዜግነት ተከልክላ ነበር፤ ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በዚያ ጊዜ በሐሳብ ተለይተው ሲጽፉ፣ የነጻነት መርህ የሚጠብቀው የምንጠላውን ሐሳብ ነው ብለው ነበር። አሊቶ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በጾታ ሰውን የሚያዋርድ ንግግር የተጠላ መሆኑን ሳይክዱ ሆምስን ጠቀሱ።

ለእኔ ግን ይበልጥ የሚመዝነው አንቶኒ ኬኔዲ ለብቻ የጻፉትና ጊንስበርግ፣ ሶኒያ ሶቶማየርና ኤሌና ኬገን የፈረሙበት አስተያየት ነው። ጭብጡ እንዲህ ነው፦ የሕዝብ አንድ ክፍል የሚከፋበትን ንግግር ለመምታት የተሳለ ሕግ ነገ ተመልሶ አናሳዎችንና ከብዙኃኑ የተለየ ሐሳብ ያላቸውን ሊመታ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ይህን ሥልጣን ለመንግሥት ቸርነት አሳልፎ አይሰጥም። በታም ጉዳይ ይህ ስለ ነገ የሚነገር ስጋት ብቻ አልነበረም። አናሳዎችን ከስድብ ለመጠበቅ የቆመ ሕግ ስድቡን የሚዋጉ አናሳዎችን ሲመታ በዓይን ታይቷል።

ስሙ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ተመዘገበ።

የሌላው ስም ጥላ

ጉዳዩ በፍርድ ቤት በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ከታም ጀርባ እርሱ ያልጠራው አጋር ቆሞ ነበር። የዋሽንግተኑ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከ1933 ጀምሮ «ሬድስኪንስ» ይባል ነበር፤ የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች በቆዳቸው ቀለም የሚጠራ ስድብ ነው። ስሙን በምልክትነት ያስመዘገበው በ1967 ነው። ታም ስድቡ የራሱ ነው፤ የቡድኑ ባለቤቶች ግን በሌላ ሕዝብ ስድብ ካናቴራና ኮፍያ ይሸጡ ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸው ያው የሕግ አንቀጽ ነው፤ ታም ካሸነፈ እነርሱም ያሸንፋሉ። ቡድኑ ታምን ደግፎ ለፍርድ ቤቱ ጽፏል።

ትግሉን የጀመረችው የቀደምት ሕዝቦች መብት ተሟጋች ሱዛን ሾን ሃርጆ ናት። በ1992 ከጓዶቿ ጋር ምዝገባው እንዲሰረዝ አመለከተች፤ በ1999 የይግባኝ ቦርዱ ፈረደላት። በኋላ ግን ፍርድ ቤት አቤቱታውን ለማቅረብ ዘግይታችኋል ብሎ ውሳኔውን ገለበጠው። ክርክሩ በመዘግየት ሰበብ ሊወድቅ የማይችል ወጣት ትውልድ ተተካ፤ አማንዳ ብላክሆርስና ሌሎች በ2006 አመለከቱ፣ በ2014 ምዝገባዎቹ ተሰረዙላቸው፣ በ2015 አንድ የፌዴራል ዳኛ አጸናላቸው። ከዚያ የታም ውሳኔ መጣና የሃያ አምስት ዓመት ድካማቸው የቆመበት አንቀጽ ከሥሩ ተነቀለ። ከውሳኔው አሥር ቀን ገደማ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ክርክሩን እንደማይቀጥል አሳወቀ።

የታምን ውሳኔ ትክክል ነው የሚል ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ማለፍ የለበትም። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ገና በ2005 በቀደምት ሕዝቦች ስምና ምስል የተሠሩ የስፖርት ቡድን ምልክቶች ሁሉ እንዲቀሩ ጠይቋል፤ ምክንያቱም በወጣቶቻቸው ለራስ በሚሰጥ ግምት ላይ ጉዳት ያደርሳሉ የሚል ነው። ጉዳቱ ተጠንቶ ሳለ ሕጉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት ለእነዚያ ልጆች ቤተሰብ መራራ መልስ ነው።

ሆኖም «ጉልህ ክፍል» የሚለው መለኪያ እነርሱንም ያን ያህል አልጠቀመም። በ2016 ዋሽንግተን ፖስት 504 የቀደምት ሕዝቦች ተወላጆችን ጠይቆ ከአሥሩ ዘጠኙ ስሙ አያስከፋንም ማለታቸውን አሳተመ። የቡድኑ ባለቤት ደስ አላቸው። የብላክሆርስ ወገኖች ደግሞ የጥናቱን አሠራር ነቀፉ። ክብር በድምፅ ብልጫ የሚለካ ከሆነ ነገሩ መጨረሻው ይህ ነው፤ ዘጠኙ ካልከፋቸው አሥረኛው የመከፋት መብት ያጣል። እኔ የአሥረኛው ሰው ቁስል እውነተኛ ነው እላለሁ። ግን እርሱን ለመርዳት የመንግሥት ቆጣሪ መላክ አያስፈልግም።

ከዚያ የሆነውን በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቅርብ ተመልክተውታል። ባለቤቱ ዳን ስናይደር በ2013 ለዩኤስኤ ቱደይ ጋዜጣ ስሙን በጭራሽ አልቀይርም፣ «በጭራሽ» የሚለውንም በትልልቅ ፊደል ጻፉት ብሎ ነበር። በ2017 በሕግም አሸነፈ፤ ማንም ሊያስገድደው አይችልም ነበር። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ፤ አገሪቱ በተቃውሞ ተናወጠች። የቀደምት ሕዝቦች ድርጅቶችና ከእነርሱ ጋር የተባበሩ ባለ አክሲዮኖች ለቡድኑ የንግድ ሸሪኮች ጻፉ። በጁላይ መጀመሪያ ስታዲየሙ በስሙ የሚጠራለት ፌዴክስ ስሙ ይቀየር ብሎ በይፋ ጠየቀ፤ ናይኪ የቡድኑን ልብሶች ከድረ ገጹ አነሣ፤ ፔፕሲም ተከተለ። ጁላይ 13 ቀን ስሙ ቀረ። ሁለት የውድድር ዘመን ያህል «የዋሽንግተን እግር ኳስ ቡድን» እየተባለ ከቆየ በኋላ በፌብሩዋሪ 2022 «ኮማንደርስ» ተባለ።

ስሙን ያወረደው የመዝገብ ቤት ማኅተም አልነበረም። ሃርጆና ብላክሆርስ በፍርድ ቤት ተሸንፈው ሳለ ያሳወቁት፣ የጻፉትና በየስታዲየሙ በር የጮኹት ነገር ጊዜው ሲደርስ ጆሮ አገኘ። ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች መጨረሻ ላይ መምጣታቸው የሚያኮራ ታሪክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በመካከሉ ያለፈው ጊዜም እጅግ ረጅም ነው።

ከእኛ አገር የመጣ ሐሳብ

ይህን መዝገብ ሳነብ ደጋግሞ ወደ ሐሳቤ የመጣው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ ነው። ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ በሥራው የሚሰድቡ ሰዎች ከእንግዲህ እንዲተዉ አዘዙ፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰድብ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፣ ዳግመኛ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት ይታሠራል አሉ። አገሪቱን በእጁ የሚያቆመውን ሠራተኛ አገሩ በሚያዋርድበት ዘመን ንጉሥ ከሠራተኛው ጋር መቆሙ ታላቅ ነገር ነው። ቃላቱ ከአዋጁ በኋላም ለብዙ ዘመን ከሰው አፍ አልጠፉም። አዋጁ ግን አንድ ነገር አላደረገም፦ ብረት ሠሪው ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ አልወሰነለትም። የተቆጣው በተሳዳቢው ላይ ነው። የአሜሪካው አንቀጽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተሳዳቢውን ከተሰዳቢው የሚለይበት ዓይን አልነበረውም።

በሌላ በኩል የታምን ውሳኔ እንዳለ ወስዶ በየትኛውም አገር ባለ ንግግር ሁሉ ላይ መጫን ስሕተት ነው። የአሜሪካ ሕግም ቢሆን በቅርብ ሊፈጸም ላለ ጥቃት ሆን ብሎ የሚያነሣሣ ንግግርን አይጠብቅም፤ ይህ መለኪያ ከ1969 ጀምሮ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185ም የተለየ ነገር ይዟል። ማንነትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያራምድ ንግግርን ይከለክላል፤ የኪነ ጥበብ ሥራን፣ ትምህርትንና የዜና ዘገባን ግን በልዩ ሁኔታ ይተዋል። ቃል ቀድሞ ደም የሚከተልበትን ሁኔታ በዓይኗ ላየች አገር፣ ግደሉ የሚል ጥሪንና የሚያስከፋ የባንድ ስምን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም አይበጅም። የሚያስፈራኝ፣ አስከፋኝ የሚለው አቤቱታ በቀስታ እየተንሸራተተ አነሣሣብኝ የሚለውን ቦታ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ በመጀመሪያ የሚከሰሰው ብዙ ጊዜ ራሱ የተገፋው ሰው ይሆናል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው እርሱ ነውና።

ከውሳኔው በኋላ

ተቃዋሚዎቹ የፈሩት በከፊል ደርሷል። ከውሳኔው በኋላ በጥቁሮች ላይ የሚወረወረውን አስቀያሚ ስድብና የናዚን ስዋስቲካ ለማስመዝገብ ያመለከቱ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ምልክቱን በእጃችን አድርገን ዘረኞች እንዳይጠቀሙበት እናደርጋለን ያሉም አሉ። በጁን 2019 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ሕግ ውስጥ ያለውን «ብልግና ወይም አሳፋሪ» ምልክት የሚከለክል ክፍል ሻረ፤ ጉዳዩ የተነሣው በአንድ የልብስ አምራች ስም ነው። የታም ቡድን በ2019 የመድረክ ጉዞውን አቁሟል፤ የእስያ አሜሪካውያን አርቲስቶችን የሚረዳ ድርጅትም አቋቁሟል።

የዋሽንግተኑ ስም ግን ገና አልበረደም። በጁላይ 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን እንዲመልስ ጠየቁ፤ ካልመለሰ በዋሽንግተን ሊሠራ በታሰበው አዲስ ስታዲየም ላይ እገዳ ላደርግ እችላለሁ አሉ። ታም ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆሞ ይህ ስም ያስከፋልና አልመዘግብም ብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ የመንግሥት መሪ ቆሞ ያስከፋል ብላችሁ የተዋችሁትን ስም መልሱ አለ። የመጀመሪያውን የተቃወመ ሰው ሁለተኛውንም በዚያው ምክንያት መቃወም አለበት፤ የመጀመሪያውን የደገፈም ቢሆን ለጽሕፈት ቤቱ ሊሰጠው የፈለገው ሥልጣን በማን እጅ ሊገባ እንደሚችል እዚህ አይቶታል። ቡድኑ በዚያ የውድድር ዘመን ሜዳ የገባው ኮማንደርስ ተብሎ ነው፤ የከተማው ምክር ቤትም በሴፕቴምበር 2025 የስታዲየሙን ውል አጸደቀ።